ከዌስትቼስተር ጋራዥ እስከ ቃሊቲ ዲፖ፦ የቆሙት ባቡሮቻችን ነገር

በሎስ አንጀለስ የምንኖር ሐበሾች ዌስትቼስተርን የምናውቀው በአየር ማረፊያው ምክንያት ነው። ሰው ልንቀበል፣ ሰው ልንሸኝ፣ ወይም ታክሲና ፓርኪንግ ልንሠራ እንሄዳለን እንጂ ለመዝናናት ብሎ ዌስትቼስተር የሚሄድ ሐበሻ አላጋጠመኝም። መዝናናት ሲያምረን ፌርፋክስ አለልን። እኔ ግን የምኖረው እዚያው ስለሆነ፣ ሌላው ሰው በመኪና ሽው ብሎ የሚያልፈውን አንድ ሰፊ ግቢ በየቀኑ አየዋለሁ። ግቢው የባቡር ጋራዥ ነው። ዛሬ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

«ስለ ጋራዥ ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከተመረቀ አሥር ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ስለ ባቡሩ ያልተባለ ነገር የለም። ግማሹ «የአፍሪካ ኩራት» ይላል፤ ግማሹ «የቻይና ዕዳ» ይላል። በኩራቱም በዕዳውም ላይ አልከራከርም። እኔ ማንሳት የምፈልገው አንዲት ጥያቄ ናት፦ ዛሬ ጠዋት ስንት ባቡር ከዲፖ ወጣ? ስንት ባቡር ተገዛ የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንት ባቡር ወጣ የሚለውን ግን የሚያውቀው ጋራዡ ብቻ ነው። ሰልፍ ላይ ቆሞ ለሚጠብቀው ሰው ደግሞ የሚጠቅመው ሁለተኛው ቁጥር ነው።

ዌስትቼስተር ያለው ግቢ

ግቢው «ሳውዝዌስተርን ያርድ» ይባላል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሆነው ሜትሮ 172 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ያሠራው ነው። እስከ 70 የሚደርሱ የባቡር ፉርጎዎችን ማሳደርና መጠገን ይችላል። ኬ መስመር የሚባለው ቀላል ባቡር ማደሪያው እዚህ ነው። ባቡሮቹ ሌሊት ይገባሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይመረመራሉ። ሕመም የተገኘበት ተለይቶ ይቀራል፤ ጤነኛው ጎህ ሳይቀድ ይወጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጋራዡ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ኬ መስመር ተሳፋሪ መጫን የጀመረው ደግሞ ኦክቶበር 7 ቀን 2022 ነው። ጋራዡ ተሳፋሪውን ሦስት ዓመት ቀደመው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ለዚህ አንዱ ምክንያት የመስመሩ ሥራ መጓተቱ ነው፤ መስመሩም በ2019 እንዲከፈት ነበር የታሰበው። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። አባቶቻችንስ በሬ ከመግዛታቸው በፊት በረት ይሠሩ የለም እንዴ?

መስመሩ ሲከፈት ሰባት ጣቢያ ነበረው። ከኤክስፖና ክሬንሾው መጋጠሚያ ተነስቶ፣ በሌይመርት ፓርክና በኢንግልውድ አድርጎ፣ ዌስትቼስተር/ቬተራንስ ጣቢያ ላይ ያበቃ ነበር። በ2024 መጨረሻ አቪዬሽን/ሴንቸሪ፣ በጁን 2025 ደግሞ ለአየር ማረፊያው ተብሎ የተሠራው ትልቁ ጣቢያ ተጨመሩበት። ወጪው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ርዝመቱ ግን 14 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

በሐዲዱ ላይ የሚመላለሱት ባቡሮች ፒ3010 ይባላሉ። ሠሪያቸው የጃፓኑ ኪንኪ ሻርዮ ነው። ሜትሮ በ2012 መጀመሪያ 78 ፉርጎ አዘዘ፤ ከዚያ እየጨመረ እየጨመረ ጠቅላላው 235 ደረሰ። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነው። የፉርጎው አካል ከጃፓን በመርከብ ይመጣና ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን በረሃው ዳር ባለችው ፓልምዴል ከተማ ይገጣጠም ነበር። ለምን ቢባል፣ በፌዴራል ገንዘብ የሚገዛ ባቡር መጨረሻው የሚገጣጠመው አሜሪካ ውስጥ እንዲሆን፣ ከዕቃውም ትልቁ ድርሻ የአገር ውስጥ እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል።

ፖለቲከኛው ይህንን ሕግ «ሥራ መፍጠሪያ» ይለዋል። ለእኔ ግን ሌላ ትርጉም አለው። ባቡሩን ብሎን በብሎን የገጠመው ሰው እዚሁ አገር አለ። ዕቃውን ያቀረበው ነጋዴም እዚሁ አለ። ባቡሩ ሲታመም ሐኪሙን ፍለጋ ውቅያኖስ አይሻገሩም። ከዚህም በላይ፣ ይኸው ዓይነት ባቡር በአራቱም ቀላል ባቡር መስመሮች ላይ ስለሚሠራ መካኒኩ የተማረው ትምህርት የትም ይጠቅመዋል፤ መጋዘን ያለው ዕቃም የትም ይገጥማል።

ወደ ቃሊቲና ወደ አያት

አሁን ወደ አገራችን እንሻገር። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚወርደው መስመር ሥራ ጀመረ። ከወር ከግማሽ ገደማ በኋላ ደግሞ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ተከተለ። ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ፣ 39 ጣቢያ፣ ሁለት ዲፖ፣ 41 ባቡር። ገንቢው የቻይናው የባቡር ኩባንያ ሲሆን ባቡሮቹ የተሠሩት ቻንግቹን ከተማ ነው። ጠቅላላ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፤ ከዚህ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው።

ቁጥሮቹን እስቲ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሎስ አንጀለስ ለፉርጎ ብቻ ያወጣችው ገንዘብ፣ አዲስ አበባ ለሐዲዱም፣ ለድልድዩም፣ ለጣቢያውም፣ ለዲፖውም፣ ለባቡሩም ካወጣችው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ «ተበላን፣ በውድ ገዛን» የሚለው ወሬ ብዙ አያስኬድም። ባቡራችን ሲገዛ ርካሽ ነበር። ውድ የሆነው ሲኖር ነው።

ያን ሰሞን ትዝ ይለኛል፤ ከአዲስ አበባ በስልክ የሚላክልን ፎቶ ሁሉ ባቡር ነበር። አረንጓዴውና ሰማያዊው ባቡር በመስቀል አደባባይ ድልድይ ላይ ሲያልፍ፣ ሰው ከነልጆቹ ተሳፍሮ በመስኮት ከተማውን ሲያይ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቀላል ባቡር ተብሎ ተጨበጨበ። ፌርፋክስ ላይ ቡና እየጠጣን «ሎስ አንጀለስ እንኳ እንዲህ ያለ የላትም» ያልን ብዙ ነበርን። ደስታው የእውነት ነበር፤ አያሳፍርም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገልግሎቱን ሲያንቀሳቅስ የነበረው የቻይናው ሼንዘን ሜትሮ ነበር። ከዚያ ሥራው ወደ ኢትዮጵያውያኑ እጅ ገባ። ባለሙያዎቹ አልሰነፉም። ግን መካኒክ ያለ መለዋወጫ ምን ያደርጋል? በ2015 ዓ.ም. ገደማ ከ41ዱ ባቡሮች ሲሶ ያህሉ ብቻ እንደሚሠሩ የአገር ውስጡም የውጪውም ጋዜጣ ጻፈ። የከተማው ኃላፊዎችም መለዋወጫ አለመገኘቱን ደጋግመው ተናግረዋል።

ይህ ለተሳፋሪው ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሒሳብ እንየው። አንዱ ባቡር ሲሞላ ከ280 በላይ ሰው ይይዛል ተብሎ የተሠራ ነው። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል እንበል፤ ታክሲ ረዳቱ ሌላ ቢልም። አንድ ባቡር ቆመ ማለት ከ20 በላይ ሚኒባስ ቆመ ማለት ነው። ሃያ ባቡር ሲቆም ከ450 በላይ ሚኒባስ በአንድ ጊዜ ከመንገድ ወጣ እንደማለት ነው። ከተማ ውስጥ 450 ሚኒባስ በአንድ ጠዋት አድማ ቢመታ ምን ያህል ጩኸት ይሰማ ነበር! ባቡሩ ግን ዝም ብሎ ዲፖ ውስጥ ነው የሚቆመው። ጮሆ የሚያውቀው ሰልፉ ብቻ ነው።

ባቡር ምን ይበላል?

ብዙ ሰው ባቡር ብረት ስለሆነ አይበላሽም ብሎ ያስባል። ባቡር ግን እንደ ላም ነው፤ ካላበሉት አይታለብም። ዋና ዋና ቀለቡን ልቁጠር።

አንደኛው ጎማው ነው። የባቡር ጎማ የብረት ነው፤ ከሐዲዱ እንዳይወጣ በውስጥ በኩል ከንፈር አለው። ባቡሩ ጠባብ ኩርባ ላይ በዞረ ቁጥር ይህ ከንፈር ከሐዲዱ ጎን ጋር እየተፋተገ ያልቃል። አዲስ አበባ ደግሞ ተራራማ ከተማ ናት፤ መስመሩ ሕንፃውን፣ አደባባዩን፣ ድልድዩን እየሸሸ ስለሚታጠፍ ኩርባው ይበዛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባቡር ምህንድስና የተማሩ ልጆቻችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሠሩት አንዱ በዚሁ በጎማ መበላት ጉዳይ ላይ ነው። ችግሩን አላወቅነውም ነበር ማለት አንችልም ማለት ነው። ጎማው በየጊዜው በቶርኖ እየተላገ ቅርጹ ይመለሳል፤ መላጉ የማይበቃበት ቀን ሲመጣ ይቀየራል። አዲስ ጎማ ከሌለ ባቡሩ ቢታጠብም፣ ሞተሩ ቢሠራም፣ ወንበሩ አዲስ ቢሆንም መውጣት አይችልም። ይውጣ ቢባል አደጋ ነው።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። አዲስ አበባ ቁልቁለት አይጠፋባትም፤ ሰሜን ደቡቡ መስመር ከፒያሳ ተነስቶ ቃሊቲ እስኪወርድ ምን ያህል ከፍታ እንደሚጥል በእግሩ የሄደ ያውቀዋል። ፍሬን እንደ ጫማ ሶል ነው፤ ማለቁ የታወቀ ነው፣ መቼ እንደሚያልቅም ይታወቃል።

ሦስተኛው በር ነው። አትሳቁ! በማንኛውም አገር ባቡርን ከሥራ ከሚያስወጡት ዋነኞቹ አንዱ የበር ብልሽት ነው። አንድ በር አልዘጋም ካለ ባቡሩ አይነቃነቅም። ባቡሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫንና ሰው በሩን በትከሻው ይዞ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ሲል፣ የሚሰቃየው የበሩ ሞተር ነው።

አራተኛው ኤሌክትሮኒክሱ ነው። ባቡሩ ከላይ ካለው ሽቦ 750 ቮልት ይወስድና በኮምፒውተር ለሞተሮቹ ያከፋፍለዋል። ይህንን የሚሠራው ካርድ ሲቃጠል መርካቶ አይገኝም። መብራት በተቆራረጠ ቁጥር ደግሞ ጉዳቱ ይጨምራል። ጎማና ፍሬን በእጅ ጥበብ ሊታገዝ ይችላል፤ ይኼኛው ግን ሠሪው ካልሸጠልህ የትም አታመጣውም።

መለዋወጫ ሲጠፋ በየትኛውም ዓለም ያለ ጋራዥ የሚያደርገው አንድ ነው፦ ከቆመው ነቅሎ ለሚሄደው ይገጥማል። ለሳምንት ያህል ብልህነት ነው። ለዓመት ሲሆን ግን ባቡር መብላት ነው። ዛሬ በአንድ ዕቃ ምክንያት የቆመው ባቡር፣ ከስድስት ወር በኋላ አሥር ዕቃው ተነቅሎ ታገኘዋለህ። ከዚያ ወዲያ «ጥገና» የሚለው ቃል አይበቃውም፤ እንደ አዲስ መሥራት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ባቡር ሳያዩ ስለ ባቡር ተናግረው ነበር።

በክትፎ የሚሄድ ባቡር

ታዲያ ሎስ አንጀለስ ይህንን ቀለብ ከየት ታመጣዋለች? ከቲኬት እንዳይመስላችሁ። አንድ ጉዞ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው፤ ይህ ገንዘብ ወጪውን ለመሸፈን አይጠጋውም። ዋናው ገቢ የሽያጭ ግብር ነው። የካውንቲው ሕዝብ በ1980፣ በ1990፣ በ2008 እና በ2016 ድምፅ ሰጥቶ፣ ግብር ከሚከፈልበት ዕቃ ከእያንዳንዱ ዶላር ላይ ግማሽ ግማሽ ሳንቲም ለትራንስፖርት እንዲቆረጥ ፈቅዷል። አራቱ ሲደመሩ ከዶላር 2 ሳንቲም ይሆናል። ፌርፋክስ ላይ 25 ዶላር ከፍለህ ክትፎ ስትበላ፣ 50 ሳንቲሙ ለአውቶቡስና ለባቡር ሄደ ማለት ነው። ባቡር ተሳፍረህ ባታውቅም ለጎማው ከፍለሃል።

ይህ ገንዘብ በዶላር ይገባል፣ በዶላር ይወጣል። ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተሳፋሪው የሚከፍለው በብር ነው፤ ዕዳውና መለዋወጫው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ባቡሩ ሲጀመር ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያኔ ዶላር 21 ብር ገደማ ስለነበር 6 ብር ማለት ወደ 28 ሳንቲም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ዶላር ከ120 ብር በላይ ሲሆን፣ ያው 6 ብር 5 ሳንቲም ብቻ ሆነ። የቻይናው ፋብሪካ ግን የጎማውን ዋጋ በብር ስሌት አይቀንስልንም።

«ታሪፉን ጨምሩዋ!» የሚል ይኖራል። እኔ አልልም። ከቃሊቲ ወደ ስታዲየም ለቀን ሥራ የሚሄደው ሰው ኪስ ውስጥ የጎማ ዋጋ የለም። ታሪፍ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ወጪውን አይሸፍንም፤ የሎስ አንጀለስ ተሳፋሪ ያልሸፈነውን የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ሊሸፍን አይችልም። የከተማ ባቡር በቲኬት ብቻ ይኖራል የሚለውን ሐሳብ ከመጀመሪያው መተው ነበረብን። ባቡር እንደ ውኃና እንደ መንገድ መብራት ከከተማው በጀት የሚቀለብ ነው። ጥያቄው የተቀለበው ገንዘብ የታወቀ፣ የተለየ፣ ለሌላ ነገር የማይነካ መሆኑ ነው።

አሜሪካኖቹም ተሳስተዋል

የሰው አገር ማሞገስ ልማድ እንዳይሆንብኝ፣ የእነሱንም ጉድ ልናገር። ሎስ አንጀለስ በአንድ ወቅት እጅግ ሰፊ የከተማ ባቡር ነበራት። ዛሬ ኬ መስመር በሚሄድበት በክሬንሾው በኩል እንኳ እስከ 1955 ድረስ ባቡር ይሄድ ነበር። ከተማዋ ሁሉንም ነቅላ ጣለች፤ የመጨረሻዎቹ በ1963 ቆሙ። ከዚያ 27 ዓመት ያለ ባቡር ኖራ በ1990 እንደገና ከዜሮ ጀመረች። ነቅሎ መጣል ርካሽ መስሎ ነበር፤ አሁን ለአንዱ አጭር መስመር 2 ቢሊዮን ዶላር የምትከፍለው የዚያን ስህተት ዋጋ ነው።

ባቡር አገዛዝ ላይም ተሸውደዋል። ከኪንኪ ሻርዮ በፊት አንሳልዶብሬዳ ከተባለው የጣሊያን ኩባንያ 50 ባቡር ገዝተው ነበር። ባቡሮቹ በዓመታት ዘግይተው መጡ፤ ሲመጡም ከተስማሙበት ክብደት በልጠው ተገኙ። ተጨማሪ 100 ለመግዛት የነበረው ውል በ2009 ፈረሰ። የመጀመሪያው መስመራቸው ደግሞ በእርጅና ተጎድቶ በ2019 አብዛኛውን ዓመት በየተራ ተዘግቶ 350 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ታደሰ። ተሳፋሪው በጣም ተማረረ። ግን ተዘግቶ ታደሰ፤ ተረስቶ አልቀረም።

ኬ መስመር ራሱም ሰው አልሞላለትም። ከተከፈተ በኋላ በቀን ይጓዝበት የነበረው ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ነው። ምክንያቱ አይጠፋኝም። እኔ ከዌስትቼስተር ፌርፋክስ ለመሄድ ኬ መስመርን ይዤ ኤክስፖ/ክሬንሾው እወርዳለሁ፣ ኢ መስመርን ይዤ ላ ሲየኔጋ እሄዳለሁ፣ ከዚያ 217 ቁጥር አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ሦስት መሳፈሪያ! መኪና ያለው ሐበሻ ይህንን አያደርገውም። እናም ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ እዚህ ባቡር አለ፣ ሰው የለም፤ እዚያ ሰው አለ፣ ባቡር የለም። ጠዋት አያት ጣቢያ ላይ የሚሰለፈውን ሰው ለአንድ ቀን ለኬ መስመር ቢያበድሩት እዚህ ያሉት ባለሥልጣናት በደስታ ያብዱ ነበር። አዲስ አበባ በዓለም ላይ ያለ የባቡር መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚመኘው ነገር አላት፦ ተሳፋሪ። ከባድ የሚባለው ነገር ተገኝቶ ሳለ ጎማ ጠፋ ብሎ ባቡር ማቆም ነው የሚያንገበግበኝ።

ድሬዳዋን ረሳናት

«እኛ ባቡር የመጠገን ባህል የለንም» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ እገረማለሁ። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በዚሁ ምድር ባቡር ነው፤ የከተማዋ ልብ ደግሞ የባቡሩ ጋራዥ ነበር። እዚያ ፈረንሳይኛ የሚያቀላጥፉ፣ በቶርኖ ላይ ቆመው የጠፋ ዕቃ ቀርጸው የሚገጥሙ፣ ሊቶሪናን በድምፁ ብቻ ሕመሙን የሚለዩ ሠራተኞች ነበሩ። ፋብሪካው ዕቃውን መሥራት ካቆመ በኋላ እንኳ ያንን ያረጀ ባቡር ለአሥርተ ዓመታት ያቆዩት እነሱ ናቸው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር።

ያ እውቀት ወደ አዲሱ ባቡር አልተሻገረም። አሮጌው ባቡር ሲቆም የድሬዳዋ ባለሙያ ጡረታ ወጣ፣ ዕድሜ ገፋ፣ ብዙውም አለፈ። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ሁሉንም ከሌላ አገር በመጣ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመርን። በእርግጥ የዛሬው ባቡር በኮምፒውተር የሚሄድ ነው፤ በቶርኖ ብቻ አይጠገንም። ግን የጎማ ልግ፣ የፍሬን ሸራ፣ የወንበር ብረት፣ የበር ጎማ፣ ይህን የመሰለውን ሁሉ አገር ውስጥ መሥራት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እኔ የባቡር መሐንዲስ አይደለሁም፤ ሆኖም ከዌስትቼስተሩ ግቢ ያየሁትን ይዤ አራት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ቁጥሩ ይነገረን። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በየሳምንቱ አንድ መስመር ጽሑፍ ቢያወጣ ይበቃል፦ «ከ41ዱ ይህን ያህል ወጥተዋል፣ ይህን ያህል ጥገና ላይ ናቸው፣ ይህን ያህል ዕቃ ይጠብቃሉ።» ይህ ወጪ የለውም። ሕዝብ ቁጥሩን ሲያውቅ ይቆጣል የሚል ስጋት ካለ፣ ሕዝቡ ሰልፍ ላይ ሆኖ አስቀድሞ አውቆታል።

ሁለተኛ፣ መለዋወጫ በየዓመቱ የሚለመን ሳይሆን የራሱ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያለው ይሁን። ጎማ መቼ እንደሚያልቅ ይታወቃል፤ የታወቀን ነገር ሲያልቅ መሯሯጥ የለብንም። ብድር ሲፈረም ለባቡሩ ብቻ ሳይሆን ለአሥር ዓመት ቀለቡም አብሮ መፈረም ነበረበት። ያለፈው አልፏል፤ ከተማው አሁን በየጊዜው በሚገዛቸው የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ላይ ግን ይኸው እንዳይደገም። ሻጩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ነው?» ሳይሆን «በስምንተኛው ዓመት ባትሪውን ማን ይሰጠኛል? በስንት?» መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባቡር ልህቀት ማዕከል አለን፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ጥናቶች አሉን። ተማሪው ስለ ጎማው ጽፎ ተመርቆ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ጎማው ቃሊቲ ያልቃል። ሁለቱን የሚያገናኝ ቢሮ ያስፈልጋል። ትንሽ ወርክሾፕና ጥቂት ጥሩ ቶርኖ፣ ከዚያም የድሬዳዋ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ የሚያውቁትን የሚያስተምሩበት ክፍል።

አራተኛው እኛን ይመለከታል። በአሜሪካ ከተሞች አውቶቡስና ባቡር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ በሹፌርነት፣ በመካኒክነት፣ በመሐንዲስነት የሚሠሩ ወገኖች አሉን። በዓል ሲመጣ አብረን እንበላለን፤ ስለ ሥራቸው ግን ጠይቀናቸው አናውቅም። ዲያስፖራው ዶላር ላክ ሲባል ብቻ የሚታወስ መሆን የለበትም፤ የጥገና ሰሌዳ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰው ከዶላሩ ይበልጣል። እዚህም ቢሆን ዝም አንበል። ኬ መስመርን ወደ ሰሜን እስከ ሆሊውድ ለማስረዘም ሲጠና ከቀረቡት ሦስት አማራጮች ሁለቱ በፌርፋክስና ዊልሻየር መጋጠሚያ በኩል የሚያልፉ ናቸው፤ ያ ማለት በ2002 ስሟን ካገኘችው ትንሿ ኢትዮጵያ አፍንጫ ሥር ነው። ስብሰባ ሲጠራ ሬስቶራንትና ሱቅ ያላችሁ ሄዳችሁ ተናገሩ፤ በክትፎው በኩል ከፍላችኋልና።

ባቡር የምረቃ ዕቃ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ንብረት ነው፤ የሎስ አንጀለስ የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች ከ1990 ጀምረው የመጨረሻዎቹ እስከ 2018 ድረስ ሠርተዋል። የእኛዎቹ ገና በአሥር ዓመታቸው ናቸው። በባቡር ዕድሜ ይህ ጉርምስና ነው እንጂ እርጅና አይደለም። ቃሊቲና አያት የቆሙት ባቡሮች ሬሳ አይደሉም፤ ያልታከሙ በሽተኞች ናቸው። ብድሩ እንደሆነ ባቡሩ ሄደም ቆመም ይከፈላል። ከተከፈለ ዘንድ ተሳፋሪው ይሂድበት።

ቸር ይግጠመን።